ያውቁ ኖሯል? ዙሩ ያልከረረባቸው የኦሊምፒክ ጌሞች

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በማለዳ የወጣ ሰው፣ በባሕር ዛፉ መሀል ተከታትለው የሚሮጡ አትሌቶችን ማግኘቱ አይቀርም። እነዚህ ቦታዎች የሚገኙበት የአዲስ አበባው ጉለሌ ለረጅም ርቀት ሩጫ ባዳ አይደለም። የድሮዎቹ የኦሊምፒክ ቪዲዮ ጌሞች ግን ይህን ሩጫ ረስተውታል። ለዛሬ ስለ እነሱ እናውጋ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? የአትሌቲክስ ጌምን በዓለም ያስለመደው የጃፓኑ ኮናሚ በ1983 ያወጣው «ትራክ ኤንድ ፊልድ» ነው። በአገሩ ስሙ «ሃይፐር ኦሊምፒክ» ነበር። ውድድሮቹ ስድስት ናቸው፦ 100 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ ጦር ውርወራ፣ 110 ሜትር መሰናክል፣ መዶሻ ውርወራና ከፍታ ዝላይ። ከ110 ሜትር የሚያልፍ ሩጫ የለውም።

ያውቁ ኖሯል? በዚህ ጌም የሚሮጠው ጣት ነው። ሁለት ቁልፎች እየተፈራረቁ በፍጥነት ሲመቱ ሯጩ ይፈጥናል። ሦስተኛው ቁልፍ ለዝላይና ለውርወራ ነው፤ ተጭነው ሲያቆዩት የጦሩ አንግል ከፍ ይላል፣ ሲለቁት ጦሩ ይወረወራል። ጣታቸው የዛለባቸው የጃፓን ልጆች ማስመሪያ ይዘው መጡ። አንዱን ጫፍ ያዝ አድርገው ሲመቱት፣ ንዝረቱ ቁልፉን ከየትኛውም ጣት በላይ ያስደበድበዋል።

ጦሩን ሽቅብ ከስክሪኑ በላይ የላከ ተጫዋች ደግሞ ወፍ መትቶ ይጥላል፤ ተጨማሪ ነጥብም ያገኛል።

ያውቁ ኖሯል? በዚያው በ1983 ዴቪድ ክሬን ለአታሪ የሠራው የአክቲቪዥን ኩባንያ «ዴካትሎን» የተባለ ጌም ብዙ ጆይስቲክ ሰብሯል። ለመሮጥ ጆይስቲኩን ግራና ቀኝ ያለ ዕረፍት መወዝወዝ ግድ ነበርና።

ያውቁ ኖሯል? ለእኛ ሩጫ ቀረብ የሚለው ኤፒክስ በ1984 ለኮሞዶር 64 ያወጣው «ሰመር ጌምስ» ነው። ተጫዋቹ አገር ይመርጣል፣ ችቦ ሲለኮስና ርግቦች ሲበሩ ያያል። ከስምንቱ ውድድሮች አንዱ የ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ሲሆን፣ እዚህ ላይ መደብደብ ብቻውን አያዋጣም። ሯጩ ጉልበቱ ተለክቶ ተሰጥቶታል፤ መቼ እንደሚቆጥብና መቼ እንደሚለቅ ማወቅ አለበት። እንጦጦ ላይ የሚሠለጥን ማንኛውም አትሌት ይህን ያውቀዋል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ ያለ ልክ የለቀቀ ሰው ዳገቱን አይጨርስም።

ጌሙ በወጣበት ዓመት ኢትዮጵያ ከሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ቀርታለች። በ1976 ከሞንትሪያል ቀርታለች፣ በ1988 ከሴኡልም እንዲሁ። በፖለቲካ ሰበብ የባከነው የአትሌቶቻችን ዕድሜ ዛሬም ያንገበግባል።

ያውቁ ኖሯል? በ1980 ሞስኮ ላይ እንግሊዛዊው ዴሊ ቶምሰን በዴካትሎን፣ ምሩፅ ይፍጠር ደግሞ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አጥልቀዋል። በ1984 ኦሽን የተባለው ኩባንያ በዴሊ ቶምሰን ስም ጌም ሠራ። ለማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ግን ማንም አልሠራለትም። ለእኔ ከሁለቱ ለጌም የሚመቸው የምሩፅ ሩጫ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? የኦሊምፒክን ይፋዊ ፈቃድ ካገኙት ጌሞች አንዱ የ1992ቱ «ኦሊምፒክ ጎልድ» ነው። ባርሴሎናን ይዞ ሰባት ውድድር ሲያቀርብ፣ ደራርቱ ቱሉ በዚያችው ከተማ ያሸነፈችበት 10 ሺህ ሜትር አልተካተተም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ለመቅደም 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ሮጧል። ያን ያህል ጊዜ ቁልፍ የሚደበድብ ጣት የለም። ስለዚህ የ10 ሺህ ሜትር ጌም በሌላ ሕግ መሠራት አለበት። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ ይዞ «ኩኩሉ»ን ለሞባይል አቅርቧልና፣ እዚሁ የሚሠራው ባለሙያ አይጠፋም። 25 ዙር ይኑረው፤ ትንፋሽ የሚለካ መስመር ይኑረው፤ ኬንያዊው ዙሩን ሲያከረው ተከትሎ መቆየት ራሱ ነጥብ ያስገኝ። ማርሽ መቀየሪያው ቁልፍ ደግሞ አንዴ ብቻ ይሥራ፤ ምሩፅ ሞስኮ ላይ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ነበር የተጫነው።