የደም ምርመራ ስለ ልብ ምን ይናገራል?

ልብን የሚመግቡ የደም ቧንቧዎች ውስጥ ስብ መከማቸት የሚጀምረው የደረት ሕመም ከመሰማቱ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ነው። የደም ምርመራ ትልቁ ጥቅም ሰው ምንም ሳያመው አደጋውን ማመልከቱ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታዘዘው የደም ቅባት ምርመራ ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ ኤችዲኤልና ትራይግሊሰራይድ በአንድ ላይ ይታያሉ። ከሁሉም የሚያሰጋው ኤልዲኤል ሲበዛ ነው፤ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ኮሌስትሮል የሚያስቀረው እሱ ነውና። በአዋቂ ሰው ላይ በዴሲሊትር 190 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ሳይጠብቅ መድኃኒት ያዝዛል።

ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለኩትም፤ ያሰሉታል። በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመው የፍሪድዋልድ ቀመር ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ጠቅላላው 220፣ ኤችዲኤል 40፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ቢሆን፣ ኤልዲኤል 150 ይሆናል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ግን ስሌቱ አይታመንም። ይህ ቅባት ከምግብ በኋላ ስለሚጨምር፣ ውጤቱ ከፍ ያለበት ሰው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ እንዲመለስ ይጠየቃል። ውሃ ግን አይከለከልም።

እምብዛም የማይታዘዘው፣ ሊታዘዝ ግን የሚገባው፣ የሊፖፕሮቲን ኤ ምርመራ ነው። ኖርዌያዊው ኮሬ ቤርግ በ1963 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው ይህ ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ቅንጣት መጠኑ የሚወሰነው በዘር ነው፤ አመጋገብም ሆነ ስፖርት ብዙም አይለውጠውም። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው በዕድሜ ዘመን አንድ ጊዜ መመርመር ይበቃል። በተለይ አባቱ ወይም ወንድሙ ያለ ዕድሜው በልብ ሕመም የተቀጨበት ሰው ሐኪሙን ስለዚህ ምርመራ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ኤልዲኤሏ 150 የሆነ የ30 ዓመት ሴትና፣ ያው ቁጥር ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ የስኳር ሕመምተኛ የ60 ዓመት ሰው አደጋቸው በጣም ይለያያል። ሐኪሙም ዕድሜን፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ደምሮ ነው የሚያየው።

የኮሌስትሮል ምርመራ የማይደርስበትም አለ። በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው፣ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም በኮሌስትሮል ምርመራ አይታወቅም፤ ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። ደረቱን ጨምድዶ የያዘውና የሚያልበው ሰውም ያለፈው ዓመት የኮሌስትሮል ውጤቱ ጥሩ ነበር ብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም። ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ እዚያ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒን ይለካለታል።