ቆሻሻውን በእጁ የያዘ መንገደኛ

ለመጀመሪያ ጊዜ ቶኪዮን የሚጎበኝ እንግዳ ውሃውን ጠጥቶ ባዶውን ፕላስቲክ የሚጥልበት ቦታ ይፈልጋል። መንገዱ እንደ ቤት ወለል የጸዳ ነው፤ የቆሻሻ ቅርጫት ግን አይታይም። ጥቂት ይራመዳል፤ አሁንም የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሻሻውን የት ያደርገዋል?

ቅርጫቱ የጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1995 ኦም ሺንሪክዮ የተባለ ቡድን በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡሮች ሳሪን የሚባለውን መርዝ ለቀቀ። መርዙ በፕላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነበር። ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተጎዱ። ከዚያ በኋላ አደገኛ ነገር እንዳይደበቅባቸው በመስጋት ብዙ ቅርጫቶች ከባቡር ጣቢያዎችና ከአደባባዮች ተነሡ።

ከተማው ግን አልቆሸሸም። ሰዉ ቆሻሻውን በቦርሳው ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እቤቱም የሚቃጠለውን ከማይቃጠለው ለይቶ በተወሰነለት ቀን ያወጣል። ይህ ልማድ የሚጀምረው ከልጅነት ነው፤ ተማሪዎች የመማሪያ ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ይወለውላሉ። ልማዱ ከአገር ሲወጡም አይለያቸውም። እ.ኤ.አ. በ2022 በቀጠር በተካሄደው የዓለም ዋንጫ የመክፈቻው ጨዋታ የቀጠርና የኢኳዶር ነበር፤ የራሳቸው ቡድን ያልተጫወተበትን ስታዲየም ጨዋታው ሲያልቅ ቆይተው ቆሻሻውን የለቀሙት ግን ጃፓናውያን ተመልካቾች ነበሩ።

መንገደኛው ግድ የለሽ ሲሆን ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። ናራ በተባለችው ጥንታዊት ከተማ መናፈሻ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ አጋዘኖች በነጻነት ይዘዋወራሉ። እንስሳቱ ፍርፋሪ ፍለጋ ፕላስቲክ እንዳይበሉ ሲባል የቆሻሻ ቅርጫቶቹ ከመናፈሻው ተነሥተው ነበር። ጎብኚው ግን መጠቅለያውን ሣሩ ላይ ጥሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጥቂት ወራት ውስጥ ከሞቱት 14 አጋዘኖች በ9ኙ ሆድ ውስጥ ፌስታልና የምግብ መጠቅለያ ተገኝቷል። ከአንዱ ሆድ ብቻ የወጣው 4.3 ኪሎ ይመዝን ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ማዘጋጀት የከተማ አስተዳደር ግዴታ ነው፤ ሊጠየቅበትም ይገባል። ይሁን እንጂ ማጠራቀሚያ አለመኖሩ በእጃችን ያለውን ቆሻሻ የሌላ ሰው አያደርገውም። ከአውቶቡስ መስኮት የምንወረውረው የሙዝ ልጣጭ አላፊ አግዳሚውን ያዳልጣል፤ ፌስታሉ ቦይ ይደፍናል፣ ወይም በላምና በፍየል ሆድ ውስጥ ይቀራል።

ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሌላው የጣለውን ማንሣት ይህን ያህል ደረጃ ካለው፣ ራሱ የሚጥለው ሰው ምን ሊባል ነው?

መፍትሔው ቀላል ነው። ቤተሰብ ለጉዞ ሲነሣ ከስንቁ ጋር አንድ ባዶ ከረጢት ይያዝ። ከረጢቱን የመያዝ ኃላፊነት ለአንዱ ልጅ ይሰጥ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ለሌላው ይተላለፍ። የደረሱበት ቦታ ማጠራቀሚያ ካለ እዚያ ይጣል፤ ከሌለ ግን ወደ ቤት ይመለስ። ልጅ ከምክር ይልቅ የሚያየውን ይከተላልና አባትና እናት ቀዳሚ ይሁኑ።

አላህ ባለፍንበት መንገድ ሁሉ ጉዳትን ሳይሆን መልካም ነገርን ትተን የምናልፍ ያድርገን። አሚን።