ቴሌቪዥን የስንተኛ ክፍል መምህር ነው?

ቴሌቪዥን በየቤቱ የገባ ሁለተኛ መምህር ነው የሚለው አባባል ከመለመዱ የተነሣ ማንም ቆም ብሎ አይመረምረውም። መምህር ነው ካልን ግን ለማንኛውም መምህር የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል፤ ይኸውም የስንተኛ ክፍል መምህር ነው? የሚለው ነው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪን ከመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ጋር በአንድ ወንበር አስቀምጦ አንድ ዓይነት ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ቢገኝ ወላጅ ሁሉ አቤቱታውን ባሰማ ነበር። በቴሌቪዥን በኩል ሲሆን ግን ይኸው አሠራር «የሕፃናት ፕሮግራም» በተባለ አንድ መጠሪያ ተሸፍኖ ያልፋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ዘወትር የሚደመጠው ሥጋት ልጆች ከዕድሜያቸው በላይ የሆነ ነገር ያያሉ የሚል ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የችግሩን ግማሽ ብቻ ይነካል። ከዕድሜ በታች የሆነ ዝግጅትም ለዕድሜ የማይመጥን ዝግጅት ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱ ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም፤ አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል።

ተጨባጩን ሁኔታ እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በአገራችን የሕፃናት ቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ያለው ሥራ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው በአሻንጉሊት ቀጭኔ አማካይነት ፊደልን፣ ቁጥርንና ንጽሕናን ለሕፃናት በራሳቸው ቋንቋ አቀረቡ፤ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2008 ሙኒክ ላይ በፕሪ ዠኔስ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ቴሌቪዥን ውድድር ለሽልማት በቃ። ዝግጅቱ በዋነኛነት የታለመው ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ነው። ይህ ጉድለቱ ሳይሆን ጥንካሬው ነው፤ ለማን እንደሚናገር ያውቃልና። ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የጸሐይ ወዳጅ የነበረው ሕፃን ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ «ይህ የትንንሾች ነው» ብሎ ከመቀመጫው ሲነሣ የሚቀበለው ሌላ ዝግጅት በበቂ አለመኖሩ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻንና መሰል ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉ ልጃገረዶችን ያሳየው «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘው የካርቱን ሥራ ለትልልቆቹ ልጆች የተደረገ በጎ ጅምር ነው። በጅምር ብቻ ግን የስድስት ዓመት የትምህርት ዘመን አይሸፈንም።

የስዊሱ የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያለውን ዕድሜ፣ ልጅ በሚያየውና በሚዳስሰው ነገር ላይ ተመሥርቶ በሥርዓት ማሰብ የሚጀምርበት ደረጃ አድርጎ ለይቶታል። የአራት ዓመት ሕፃን ውሃ ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ሲገለበጥ የበዛ ይመስለዋል። የስምንት ዓመቱ ልጅ ግን መጠኑ እንዳልተለወጠ ይናገራል፤ ምክንያቱንም ያስረዳል። «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ማስረጃ የሚሻን ይህን አእምሮ ስለ ቀለማት ስም በሚዘመር መዝሙር ማቆየት እንዴት ይቻላል?

በሌላው ዓለም ይህን ቀድመው የተገነዘቡ አሉ። የአሜሪካው የሕፃናት ቴሌቪዥን ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1969 «ሰሰሚ ስትሪት»ን ለመዋዕለ ሕፃናት ዕድሜ ካቀረበ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከ7 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ንባብን የሚያስተምር «ዘ ኤሌክትሪክ ካምፓኒ» የተባለ ሌላ ዝግጅት ጀመረ። ለልጅ ሁለት ወጪ ለምን? ብሎ የተከራከረ በጀት ያዥ እዚያም ሳይኖር አልቀረም።

እኛ ዘንድ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሕዝብ በፍቅር «አባባ ተስፋዬ» የሚላቸው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ትንሹም ትልቁም አብሮ ይሰማቸው አልነበረምን? የሚል ይኖራል። ይሰማቸው ነበር። ተረት ድርብ ነው፤ ትንሹ በዝንጀሮዋ ይስቃል፣ ትልቁ ተንኮሏን ይረዳል። አያት ደግሞ ተረቷን የምትነግረው የልጁን ፊት እያየች ነው፤ ሲፈራ ታለዝባለች፣ ሲሰለች ታሳጥራለች። የቴሌቪዥን መስኮት ግን ፊቱ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ አያይም። አያት በዓይኗ የምትሠራውን ሥራ፣ አዘጋጁ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት በጥናት ሊሠራው ግድ ነው።

ከመቀመጫው የተነሣው ልጅ ወዴት ይሄዳል? ታላላቆቹ ወደሚያዩት ተከታታይ ድራማ ነው። ቀድሞ የባዕድ አገር ፊልም የቋንቋ አጥር ነበረው፤ ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም በፍጥነት ማንበብ የማይችል ልጅ ብዙ ሳይገባው ይቀር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረ ወዲህ ድምፃቸው ወደ አማርኛ የተመለሰ ድራማዎች ሲስፋፉ ይህ አጥር ፈረሰ። የባልና የሚስት ክህደት፣ የውርስ ሴራ፣ የበቀል ዛቻ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይደርሰዋል። ለዚህ ተወቃሹ ድራማው አይደለም፤ ለአዋቂ የተሠራ ነውና።

ሕግም አልጎደለም። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 የልጆችን አመለካከት ሊያበላሽ የሚችል ዝግጅት ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲተላለፍ ደንግጎ ነበር፤ እርሱም በ2013 ዓ.ም. በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ተተክቷል። ክልከላ ግን የሚጎዳውን ያርቃል እንጂ የሚጠቅመውን አያዘጋጅም።

ይልቁንም ሊታሰብበት የሚገባው የዜና ጉዳይ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ሲካሄድ፣ ቤተሰብ ማታ ማታ ዜና ሲከታተል የዘጠኝ ዓመቱ ልጅም እዚያው ምንጣፍ ላይ ነበር። የሞትንና የመፈናቀልን ወሬ ሰምቷል፤ ማን ከማን ጋር፣ ስለ ምን፣ እኛስ ቤት ይደርሳል ወይ ለሚለው ጥያቄው በልኩ የተዘጋጀ መልስ ማን ሰጠው? ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ «ኒውስራውንድ» በተባለ ዝግጅት የዓለምን ዜና ለልጆች በሚገባ አነጋገር ያቀርባል። ዜናን ከልጅ ደብቆ ማሳደግ በማይቻልበት ቤት ውስጥ፣ ለልጅ የተዘጋጀ ዜና ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለሁሉም ሕፃናት የሚሆነውና ከ7 ዓመት ጀምሮ ላሉት የተዘጋጀው ዝግጅት በተለያየ ምልክት ይለያሉ። የእኛም ጣቢያዎች በፕሮግራም ዝርዝራቸው ላይ «ሕፃናት» ከማለት ይልቅ ዕድሜውን በቁጥር ቢጽፉ ወላጅ የሚመርጥበት፣ ጣቢያውም የሚጠየቅበት መሠረት ያገኛል። ሰዓቱም ከተማሪው ኑሮ ጋር ይገናዘብ። በፈረቃ የሚማር ልጅ የከሰዓት ተረኛ በሆነ ጊዜ ረቡዕ ጠዋት በ3 ሰዓት ቤቱ ነው፤ እናት ገበያ ወይም ሥራ ላይ ናት፣ መቆጣጠሪያው በእጁ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያገኘውም ማታ ለአዋቂ የታየው ድራማ ሲደገም ነው።