የጥቁር ሊከር የሙቀት ባሕርያትና የማትነን ወጪ

በክራፍት ዘዴ ፐልፕ ሲመረት የእንጨት ቁርጥራጭ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድና በሶዲየም ሰልፋይድ ሙሙት ውስጥ በ170 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀቀላል። ቃጫው ታጥቦ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ ተረፈ ምርት «ጥቁር ሊከር» ይባላል። በውስጡ የሟሟው ሊግኒንና ሌላው የእንጨት ቁስ ነዳጅ ነው፤ የሶዲየምና የድኝ ውህዶቹ ደግሞ ተመልሰው ለቅቀላ የሚውሉ ናቸው። ሁለቱም የሚገኙት ሊከሩ በቦይለር ሲቃጠል ሲሆን፣ አስቀድሞ ግን አብዛኛው ውሃ መትነን አለበት።

የዚህን ሥራ ክብደት ቀላል ስሌት ያሳያል። ከእጥበት የሚወጣው ሊከር 15 በመቶ ያህል ጥጥር ቁስ አለው፤ ይኸውም ለ1 ኪሎ ግራም ጥጥር 5.7 ኪሎ ግራም ውሃ ማለት ነው። ጥጥሩ 75 በመቶ እንዲደርስ 5.3 ኪሎ ግራም ያህሉ ይተናል። የአንድ ኪሎ ግራም ውሃ የትነት ሙቀት በ100 ዲግሪ 2.26 ሜጋጁል ስለሆነ፣ ጠቅላላው 12 ሜጋጁል ይሆናል። የጥጥሩ የቃጠሎ ሙቀት ግን በኪሎ ግራም 14 ሜጋጁል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ እርከን ማትነን ነዳጁን ለራሱ ማድረቂያ እንደ መጨረስ ይቆጠራል።

መፍትሔው የአንዱን እርከን ተን፣ ግፊቱ ዝቅ ላለው ቀጣይ እርከን ማሞቂያ ማድረግ ነው። አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት አምስት ኪሎ ግራም ውሃ ቢያተን፣ ወጪው ወደ 2.4 ሜጋጁል ይወርዳል።

ሆኖም እርከኖችን ያለ ገደብ መጨመር አይቻልም። በዋናነት የሶዲየም ጨዎቹ የሊከሩን የፍሌት ነጥብ ከንጹሕ ውሃ በላይ ከፍ ያደርጉታል፤ ጭማሪውም ጥጥሩ በበዛ ቁጥር ያድጋል። በመጀመሪያው እንፋሎትና በመጨረሻው ተን መካከል 75 ዲግሪ ልዩነት አለ እንበል። በስድስት እርከኖች አማካዩ ጭማሪ 6 ዲግሪ ቢሆን፣ 36ቱ ዲግሪ ሙቀት ለማሻገር ሳይውል ይቀራል። በተጨማሪም ሊከሩ ሲወፍር ዝልግልግነቱ በፍጥነት ይጨምራል፣ ሙቀት አስተላላፊነቱ ይቀንሳል፣ ጨዎችም በቱቦዎች ላይ ይጋገራሉ።

ጉዳዩ ከቁጠባም ያልፋል። የቀጠነ ሊከር በምድጃው ሥር ከቀለጠው ጨው ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት ተንኖ ፍንዳታ ሊያስከትል ይችላል። በሰሜን አሜሪካ የጥንቃቄ መመሪያዎች 58 በመቶና ከዚያ በታች ጥጥር ያለው ሊከር ወደ ምድጃ እንዳይረጭ የሚያዙት ለዚህ ነው።

እነዚህ ባሕርያት በእንጨቱ ዓይነትና በቅቀላው ሁኔታ ይለያያሉ። ስለሆነም ከሌላ ፋብሪካ ሠንጠረዥ በተወሰደ አኃዝ ብቻ ማትነኛ መንደፍ አያስተማምንም፤ የራስን ሊከር የፍሌት ነጥብ ጭማሪና ዝልግልግነት በተለያየ የጥጥር መጠን መለካት ይገባል።