ስለ ኔትዌር ሰርቨር ጠባቂዎችና ስለ መዝጊያ ሥርዓታቸው

ኔትዌር የተባለውን ፕሮግራም በአሜሪካ በዩታ ግዛት የነበረው ኖቬል ኩባንያ በ1983 ዓ. ም. አወጣው፤ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ሥራውም የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ፋይላቸውን በየጠረጴዛቸው ከመበተን ይልቅ ሰርቨር በሚባል በአንድ ኮምፒዩተር በጋራ እንዲያስቀምጡ ማድረግ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት እጅግ ተስፋፋ፤ ሰርቨሩን በሚጠብቁት ሰዎችም ዘንድ ከሥራው ጠባይ የተነሣ ልዩ ሥርዓት ተፈጠረ። ከሁሉም ዋናው የመዝጊያው ሥርዓት ነው።

ጠባቂው ትእዛዝ የሚሰጠው በኮንሶሉ፤ ይኸውም በሰርቨሩ በራሱ ኪቦርድና ስክሪን ነበር። በሦስተኛው ዕትም በጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ሁለት ነጥብ ትታያለች፤ ትእዛዙም ከእርስዋ ቀጥሎ ይጻፋል። ኮንሶሉ የአዛዡን ማንነት አይጠይቅም ነበር፤ ከፊቱ የተቀመጠ ሁሉ ሰርቨሩን ለመዝጋት ይችላል። ስለዚህ ክፍሉ ይቈለፋል፤ ጠንቃቃ ጠባቂም «ሞኒተር» በተባለው ፕሮግራም ኪቦርዱን በይለፍ ቃል ይቈልፈዋል። ይኸው ሞኒተር ሳይነካ ሲቈይ በስክሪኑ ላይ እባብ ይለቅቃል፤ የሰርቨሩ ሥራ ሲበዛ የእባቡ ጅራት ይረዝማል፤ ሩጫውም ይፈጥናል። ልምድ ያለው ሰው በበሩ ሲያልፍ እባቡን ብቻ አይቶ የሥራውን ብዛት ይገምት ነበር።

የመዝጊያ ሥርዓት ስለ ምን አስፈለገ ቢባል፤ አንዲት ጸሐፊ ደብዳቤዋን ስታስቀምጥ ሰርቨሩ ጽሑፉን ወዲያው በዲስክ ላይ አይጽፈውም ነበር። ለፍጥነት ሲል በሜሞሪ ይቀበለዋል፤ በተለመደውም አኳኋን እስከ 3.3 ሰከንድ ያቈየዋል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በሙያው እንግሊዝኛ «ቆሻሻ» ይባላል፤ ነገሩ የንጽሕና ሳይሆን ዕዳው ገና ያልተከፈለ እንደ ማለት ነው። በዚያች ጊዜ ኀይል ቢቋረጥ ጸሐፊዋ ተቀምጧል ያለችው ደብዳቤ የለም።

ስለዚህ ጠባቂው አስቀድሞ «ብሮድካስት» ብሎ ፋይላቸውን እንዲዘጉ ለሠራተኞቹ ሁሉ ይነግራል፤ ጥቂትም ይታገሣል። ቀጥሎ «ዲሴብል ሎግኢን» ብሎ አዲስ ገቢን ይከለክላል። ከዚያ በኋላ «ዳውን» ይላል። የተከፈተ ፋይል ካለ ሰርቨሩ እንዲያውም ይዘጋ እንደ ሆነ መልሶ ይጠይቃል፤ ችኩል ሰው ጉዳት የሚያደርሰው በዚህ ጊዜ ነበር። በመጨረሻ «ኤግዚት» ይባላል፤ ኀይሉም ይጠፋል።

ሥርዓቱ ሳይፈጸም መብራት ቢጠፋ የፋይሎቹን ስፍራ የሚያመለክቱት ሠንጠረዦች ሊዛቡ ይችላሉ። ኔትዌር ሠንጠረዦቹን በሁለት ቅጂ ያኖር ስለ ነበር «ቪሪፔር» የተባለው ፕሮግራም ሁለቱን እያስተያየ ያርማቸዋል። ነገር ግን ቪሪፔር ራሱ የሚኖረው «ሲስ» በተባለው ዋና የዲስክ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሲስ በተጐዳ ጊዜ የሣጥኑ ቁልፍ በሣጥኑ ውስጥ እንደ ተቈለፈ ይሆናል። አስተዋይ ጠባቂ ስለዚህ አንድ ቅጂ በፍሎፒ ዲስክ ይዞ ይገኛል። በዲስኩ ላይ ጨርሶ ያልተጻፈውን ግን ቪሪፔር ሊመልሰው አይችልም።

ኖቬል በ2005 ዓ. ም. አገልግሎቱን በሊኑክስም ላይ አቀረበ። በሊኑክስ ኮንሶል ቅደም ተከተሉ ያው ሆኖ ቃላቱ ሌሎች ናቸው፤ «ዎል» ያስታውቃል፤ «ሲንክ» በሜሞሪ የቀረውን ያስጽፋል፤ «ሻትዳውን» ይዘጋል። ዎል የሚደርሰው ግን በተርሚናል ለገቡት ብቻ ስለ ሆነ፤ ከየጠረጴዛቸው በኔትዎርክ ፋይል ለከፈቱት ሠራተኞች ጠባቂው በስልክ ወይም በኢሜይል ሊነግራቸው ይገባል።