በእንግሊዝ በስህተት ከወህኒ ቤት የወጣው ኢትዮጵያዊ ታራሚ ዳግም መያዝና ያስነሳቸው ጥያቄዎች

በምሥራቅ እንግሊዝ ኤሴክስ ግዛት ከሚገኘው የቼልምስፎርድ ወህኒ ቤት ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም በስህተት የተለቀቀ አንድ ኢትዮጵያዊ ታራሚ ከሁለት ቀናት ፍለጋ በኋላ ጥቅምት 16 ቀን በሰሜን ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ አካባቢ ዳግም በፖሊስ ቁጥጥር ሥር መዋሉ ይታወሳል። ጉዳዩ የእንግሊዝ ፓርላማ መነጋገሪያ እስከመሆን የደረሰ ሲሆን፣ የውጭ አገር ዜጎች የሆኑ እስረኞች አያያዝን፣ የወህኒ ቤቶችን መጨናነቅና የሕገወጥ ስደትን ጣጣ በአንድነት አደባባይ ያወጣ ክስተት ሆኗል።

ግለሰቡ ወደ እንግሊዝ የገባው ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም ከፈረንሳይ ጠረፍ በተነሳች አነስተኛ ጀልባ የእንግሊዝን ቦይ አቋርጦ ነበር። ጥገኝነት ጠያቂ በመሆኑም ኤፒንግ በተባለችው አነስተኛ ከተማ መንግሥት ለስደተኞች በተከራየው ቤል ሆቴል እንዲያርፍ ተደረገ። በአገሩ ሳለ የስፖርት መምህር እንደነበረ በፍርድ ቤት ተገልጿል።

እንግሊዝ ከገባ አሥር ቀናት እንኳ ሳይሞሉ፣ ሰኔ 30 እና ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም በፈጸማቸው ድርጊቶች ተይዞ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ እንዳረጋገጠው በ14 ዓመት ታዳጊና በአንዲት ጎልማሳ ሴት ላይ ወሲባዊ ጥቃት አድርሷል። በችሎቱ ከተሰሙት ማስረጃዎች መካከል ብዙዎችን ያሳዘነው ሁለቱም ተበዳዮች አስቀድመው ለግለሰቡ ደግነት ያሳዩ መሆናቸው ነው። ታዳጊዋ የራበው መስሏት ከምትበላው ፒዛ አካፍላው የነበረ ሲሆን፣ ሴትየዋ ደግሞ ሥራ ማፈላለጊያ የሚሆን የግል ታሪክ መግለጫ በማዘጋጀት ልትረዳው ፈቃደኝነቷን ገልጻለት ነበር።

ተከሳሹ ድርጊቱን ቢክድም ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም በአምስት ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ የ12 ወራት እስራት ተፈረደበት። ወደ አገሩ እንዲመለስ እንደሚፈልግም በጠበቃው አማካይነት ለፍርድ ቤቱ አስታውቋል።

የቅጣቱ መጠን የራሱ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ በ2007 የወጣው የእንግሊዝ የድንበር ሕግ የ12 ወራትና ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት የውጭ አገር ዜጋ፣ በሕጉ የተዘረዘሩ ልዩ ሁኔታዎች ካልገጠሙ በስተቀር ከአገር እንዲወጣ ያስገድዳል። በመሆኑም ታራሚው ጥቅምት 14 ቀን ከወህኒ ቤቱ ወጥቶ ለኢሚግሬሽን ማቆያ መተላለፍና ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ነበረበት።

የሆነው ግን ሌላ ነው። የወህኒ ቤቱ ሠራተኞች ቅጣቱን እንደጨረሰ እስረኛ ቆጥረው፣ ለተፈቺዎች የሚሰጠውን 76 ፓውንድ መቋቋሚያ አስይዘው በበሩ አሰናበቱት። በሥፍራው ዕቃ ሊያራግፍ መጥቶ የነበረ አንድ ሾፌር ለመገናኛ ብዙኃን እንደተናገረው፣ ታራሚው ግራ በመጋባት ወዴት መሄድ እንዳለበት ለመጠየቅ ደጋግሞ ወደ ወህኒ ቤቱ በር ተመልሷል። ወደ ባቡር ጣቢያ እንዲሄድ ከተነገረው በኋላም በዚያው ዕለት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ41 ደቂቃ በተነሳው ባቡር ወደ ለንደን አመራ።

ስህተቱ እንደታወቀ የኤሴክስ ፖሊስ፣ የለንደን ሜትሮፖሊታን ፖሊስና የባቡር ፖሊስ በጋራ ፍለጋ ጀመሩ። ግለሰቡ በምሥራቅ ለንደን ዳልስተን አካባቢ መታየቱን የደኅንነት ካሜራዎች አረጋገጡ። በመጨረሻም ከሕዝብ በተገኘ ጥቆማ ጥቅምት 16 ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊንስበሪ ፓርክ ውስጥ ተያዘ። ከሁለት ቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 18 ቀን ምሽት፣ በአጃቢዎች ተጠብቆ በአውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የተላከ ሲሆን በማግሥቱ አዲስ አበባ ደርሷል። ጉዞውን እንደሚያውክ በመዛቱ 500 ፓውንድ እንደተከፈለው የእንግሊዝ መንግሥት ማመኑም ተጨማሪ ቁጣ ቀስቅሷል።

በዚህ ጉዳይ መለየት ያለበት አንድ የሕግ ነጥብ አለ። ግለሰቡ በብዙ ዘገባዎች «ያመለጠ እስረኛ» ተብሎ ቢጠራም ግንብ ዘሎ ወይም ጠባቂ አታልሎ የወጣ አይደለም። ከእስር ማምለጥ በራሱ የሚያስቀጣ ወንጀል ሲሆን፣ በባለሥልጣን ስህተት መለቀቅ ግን የሚለቀቀውን ሰው በማምለጥ ወንጀል አያስጠይቅም። ያም ሆኖ ስህተቱ ፍርዱን አይሽርም። እ.ኤ.አ በ1952 የወጣው የእንግሊዝ የወህኒ ቤቶች ሕግ ያለአግባብ ከእስር ውጪ የሚገኝን ፍርደኛ ፖሊስ ያለመያዣ ትዕዛዝ ይዞ እንዲመልስ ይፈቅዳል።

የፍትሕ ሚኒስትሩ ዴቪድ ላሚ ጥቅምት 17 ቀን ለፓርላማው በሰጡት መግለጫ ድርጊቱ የሰው ስህተት ውጤት እንደሚመስል ገልጸው፣ እስረኞች ከመለቀቃቸው በፊት የሚደረገው ማጣራት እንዲጠብቅ መታዘዙን አስታውቀዋል። ቀደም ሲል ከፍተኛ የፖሊስ አዛዥ በነበሩት ሊን ኦወንስ የሚመራ ገለልተኛ ምርመራም እንዲካሄድ ተወስኗል። አንድ የወህኒ ቤት መኮንንም ከሥራ ታግዷል።

ይሁንና ስህተቱ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ አኃዞች ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ እስከ መጋቢት 2025 በነበረው አንድ ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ 262 እስረኞች በስህተት የተለቀቁ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቁጥሩ 115 ነበር። ወህኒ ቤቶች ከመጠን በላይ በመሙላታቸው እ.ኤ.አ ከመስከረም 2024 ጀምሮ በርካታ ታራሚዎች የቅጣታቸውን 40 በመቶ ብቻ ፈጽመው እንዲወጡ መደረጉ የመፈቻ ቀን ስሌቱን አወሳስቦታል። ከ10 ሺህ በላይ የውጭ አገር ዜጎች በእንግሊዝና ዌልስ ወህኒ ቤቶች መገኘታቸውም ሌላው ጫና ነው። አንዱ ታራሚ ሲወጣ ወደ ቤቱ፣ ሌላው ወደ ኢሚግሬሽን ማቆያ፣ ሦስተኛው ወደ ሌላ ፍርድ ቤት የሚሄድ በመሆኑ፣ አንዲት ወረቀት ከፋይሉ ብትጎድል ውጤቱ ይህን የመሰለ ይሆናል። ማጣራቱ ይጠብቅ ከተባለ በኋላም አንድ አልጄሪያዊ ከለንደኑ ዋንድስወርዝ ወህኒ ቤት ጥቅምት 19 ቀን በስህተት ተለቆ ጥቅምት 28 ቀን በዚያው በፊንስበሪ ፓርክ አካባቢ መያዙ ችግሩ ሥር የሰደደ መሆኑን አሳይቷል።

የአንድ ሰው ጥፋት ዕዳው ለብዙዎች መትረፉ የጉዳዩ ሌላው ገጽታ ነው። ግለሰቡ ከተያዘ በኋላ በኤፒንግ ቤል ሆቴል ደጃፍ ለሳምንታት የቆየ ተቃውሞ የተቀሰቀሰ ሲሆን፣ ተቃውሞው ስደተኞች ወደሚያርፉባቸው ሌሎች ሆቴሎችም ተዛምቷል። የአካባቢው ምክር ቤት ስደተኞቹ ከሆቴሉ እንዲወጡ ጠይቆ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም ጊዜያዊ የእግድ ትዕዛዝ ቢያገኝም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነሐሴ 23 ቀን ሽሮታል። ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የምክር ቤቱን ጥያቄ ውድቅ አድርጓል። በዚህ ሁሉ መካከል በወንጀሉ እጃቸው የሌለበት ስደተኞች በፍርሃት ደጃቸውን ዘግተው ለመቀመጥ ተገደዋል። ከሁሉ በላይ ግን የተጎዱት ፍትሕ አገኘን ብለው ሳያበቁ አጥፊው በነፃ መንቀሳቀሱን የሰሙት ተበዳዮችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው።

የጉዳዩ መነሻ ወደ አገር ቤትም ያመለክታል። ከኢትዮጵያ የሚነሳው ሕገወጥ ስደት ሦስት ዋና ዋና መስመሮች አሉት። የምሥራቁ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የሰሜኑ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ የሚወስዱ ናቸው። የደቡቡ መስመር በኬንያ በኩል አልፎ ደቡብ አፍሪካ ይደርሳል። ከሐዋሳ ተነስቶ ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን እያቋረጠ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የጌዴኦ ቡና ወደ ገበያ የሚወጣበት መንገድ የመሆኑን ያህል፣ በደላላ ተስፋ ተታለው ወደ ኬንያ ድንበር የሚያቀኑ ወጣቶችም የሚያልፉበት ነው። በየትኛውም መስመር የሚሄደው ስደተኛ ለደላላ ዕዳ፣ ለእገታ፣ ለድብደባና ለሞት የተጋለጠ ነው። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የደረሰውም ቋንቋውን፣ ሕጉንና ባህሉን በማያውቀው አገር ሥራ እንዳይሠራ ተከልክሎ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ውሳኔ ይጠብቃል።

የጉዞው መከራና የኑሮው ጭንቀት ግን ለወንጀል ማስተባበያ ሊሆን አይችልም። በዚያው መንገድ የተጓዙ፣ በዚያው ባሕር የተሻገሩ እጅግ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሕግ አክብረው፣ ሠርተውና ቤተሰብ ረድተው ይኖራሉ። የአንዱን ጥፋት የሁሉ አድርጎ መቁጠር እነዚህን መበደል ሲሆን፣ ጥፋቱን በስደት መከራ መሸፈን ደግሞ ተበዳዮችን ዳግም መበደል ነው።

በኢትዮጵያ የሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በደላሎችና በአሻጋሪዎች ላይ ከባድ ቅጣት ይደነግጋል። ሕጉ ፍሬ የሚያፈራው ግን ወላጅ ልጁን ለመላክ ጥሪቱን ከመሸጡ፣ ወጣቱም ደላላውን ከማመኑ በፊት የጉዞውን ሙሉ ታሪክ ሲያውቁ ነው። ደላላው የሚያወራው ስለ ደረሱት ብቻ ነው። በበረሃ ስለቀሩት፣ በባሕር ስለሰጠሙት፣ ወይም በማያውቁት አገር በራሳቸው ጥፋት ለእስር ተዳርገው ባዶ እጃቸውን ስለተመለሱት አያወራም። የቼልምስፎርዱ ታራሚ ታሪክ ከሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም የባሕር ጉዞ እስከ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም የአዲስ አበባ መልስ የፈጀው አራት ወር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ሁለት ሰዎች ተጎድተዋል፤ አንዲት ከተማ ታውካለች፤ የአንድ ትልቅ አገር የወህኒ ቤት አስተዳደርም ለምርመራ ቀርቧል።