ሞተር ስንል የትኛው ሞተር?

በዛሬው ጽሑፌ «ሞተር» ስለሚለው ቃል አስረዳችኋለሁ። ትንሽ ቃል ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ እኛን ቤት አንድ ቀን አስለቅሶናል።

መጀመሪያ ትርጉሙን እንይ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «አንቀሳቃሽ» ማለት ነው። ሞተር ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ ይወስድና ጉልበት አድርጎ ይሰጠናል። የናፍጣ ሞተር ሥራው አራት ነው፦ አየር ይስባል፣ አየሩን አምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣ ሲረጭበት ተቃጥሎ ፒስተኑን ይገፋል፣ በመጨረሻ ጭሱን ያስወጣል። ይህን ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ በደንብ የሠራለትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ነው። የመብራት ሞተር ግን ጭስ የለውም። ውስጡ ባለው የመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው እንደ ማግኔት ሆኖ ዘንጉን ያሽከረክረዋል።

አያቴ ግን «ሞተር» አትልም። ወፍጮ ቤት ስትሄድ «ባቡር ልሄድ ነው» ነው የምትለው። እኔ ባቡር በሐዲድ የሚሄደው ብቻ ይመስለኝ ስለነበር እስቅባት ነበር። ለካ ትክክሏ እሷ ናት! ባቡር «ቫፖሬ» ከሚለው የጣሊያን ቃል በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። ድሮ በእንፋሎት የሚሄደው መርከብም፣ በሐዲድ የሚሄደውም፣ እህል የሚፈጨውም ባቡር ይባል ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫም ሐዲድ ሳይኖረው «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል።

አሁን ደግሞ በባቡር ፈንታ ሁሉንም ሞተር እንላለን። እስቲ በከተማችን በመካነ ኢየሱስ የምንሰማውን ልዘርዝር፦

1. «በሞተር መጣ» ሲባል ሞተር ሳይክል ነው።
2. «በሞተር አጠጣን» ሲባል የውሃ መሳቢያው ነው።
3. መብራት ሲጠፋ «ሞተር አስነሱ» ከተባለ ጄኔሬተር ነው።
4. የመኪና «ሞተሩ ወረደ» ሲባል ለጥገና ተፈትቶ ወጣ ማለት ነው እንጂ ወደቀ ማለት አይደለም።
5. ኳስ ሜዳ ላይ «የቡድኑ ሞተር» የሚባለው ደግሞ ሳይደክም የሚሮጠው ልጅ ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። ባለፈው ዓመት በበጋ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። አባቴ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ሊያጠጣ ወርዷል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በሞተር ሰው ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ሄዷል። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ስለነበር ስልኳ ሲጮህ እኔ አነሳሁት። አንድ ጎረቤታችን «ሞተሩ ወንዝ ገብቷል፣ ቶሎ ሰው ላኩ በላት» አለኝና ስልኩ ተቋረጠ። እኔም እንደሰማሁት «እማዬ፣ ሞተሩ ወንዝ ገብቷል አሉ» አልኳት።

እናቴ ሊጥ የቀዳችበትን ጣሳ ጣለችው። «ወይኔ ልጄን!» ብላ በባዶ እግሯ ወጣች። የወንድሜ ስልክ ቢደወል ቢደወል አይሠራም። ጎረቤቱ ሁሉ እየሮጠ ወንዙ ጋ ስንደርስ፣ አባቴ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ የውሃ መሳቢያውን በገመድ ያስጎትታል። ለካ የተቀመጠበት አፈር ተደርምሶ ነው! እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቴ ለዕቃው ያዘነች መስሎት «ተይ እንጂ፣ ይጠገናል» አላት።

ወንድሜ ማታ በሰላም ገባ። እናቴ ግን እስካሁን ድረስ እሱ ሲያመሽ የሞተር ድምፅ ከሰማች በር ላይ ወጥታ ታያለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። «የትኛው ሞተር?» ብዬ መልሼ ብደውል ኖሮ ያ ሁሉ ለቅሶ አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ መልእክት ስታደርሱ «የውሃው ሞተር»፣ «የወንድሜ ሞተር ሳይክል» እያላችሁ ቃሉን ሙሉ አድርጋችሁ ተናገሩ። ካልገባችሁም መጀመሪያ «የትኛው ሞተር? ሰው ተጎድቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።



ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል